ስለ ኡሲክ ዕድሜ

ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ዩክሬናዊው የከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ኦሌክሳንደር ኡሲክ «ጊዜው አልፏል» በሚል በገጻችሁ የወጣውን አስተያየት አልቀበለውም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 በዌምብሌይ ስታዲየም ዳንኤል ዱቦይስን ሲገጥም 38 ዓመቱ ነበር፤ ተጋጣሚው 27። ያም ሆኖ በአምስተኛው ዙር ሁለት ጊዜ ጥሎት፣ በግራ እጁ ቡጢ በዝረራ አሸነፈው። ያረጀ ቦክሰኛን ቀድሞ የሚከዳው እግሩ ነው፤ የቡጢው ጉልበት ቆይቶ ነው የሚደክመው። የኡሲክን እግር ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፦ ቀኝ እግሩን ከባላጋራው ግራ እግር ውጭ ያሳርፋል፣ ይመታል፣ መልሱ ሳይደርስበት ከቦታው ይሰወራል። ይህ የደከመ ሰው እግር አይደለም።

ስጋታችሁ ግን መሠረት አለው። ሙሐመድ አሊም እ.ኤ.አ. በ1980 ላሪ ሆልምስን የገጠመው በ38 ዓመቱ ነበር፤ ከአሥረኛው ዙር በኋላ ግጥሚያውን ያስቆመው አሰልጣኙ አንጀሎ ዳንዲ ነው። ያን ምስል ባየሁ ቁጥር ዛሬም ያመኛል።

ስለዚህ የሻምፒዮና ቀበቶ የሚሰጡ ድርጅቶች፣ 35 ዓመት ያለፈውን ቦክሰኛ ሁሉ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት በገለልተኛ ሐኪሞች የአንጎልና የቅልጥፍና ምርመራ ያስደርጉ፤ ውጤቱም ከቀድሞው ጋር ይነጻጸር። ገጻችሁም ይህን ጥያቄ ቢያነሳ እወዳለሁ።

አንድ አንባቢ