ደብዳቤ ለልጄ፦ ቅዳሜ ገበያ ከመውጣትሽ በፊት

ለውድ ልጄ ለሕሊና፣

እንዴት ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የአባትሽ ጉልበት ብርድ ሲመጣ እንደ ልማዱ ያስቸግረዋል፤ ሌላ ምንም የለም። እንኳን ለልደትሽ በሰላም አደረሰሽ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ድምፄ ከፍ ሲል "እሺ እማዬ" ብለሽ ስለምትዘጊብኝ መጻፉን መረጥሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ትናንት ማታ አክስትሽ ከቦርዶ ደወለችልኝ። የደወለችው ልታሞግስሽ ነው። "ልጅሽ ማድሌንና ፊናንሲየ የሚባሉትን የፈረንሳይ ትንንሽ ኬኮች እየጋገረች ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይዛ ትወጣለች፤ እንቁላል የለው፣ ቅቤ የለው፣ ስንዴ የለው፣ ሰው ግን ተሰልፎ ይገዛታል" አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ለአባትሽም ጮክ ብዬ ነገርሁት። ከዚያ የት እንደምትጋግሪ ጠየቅኋት። ቀን በምትሠሪበት ዳቦ ቤት ነው አለችኝ፤ ማታ ባለቤቱ ሲወጣ፣ በዚያው ማቡኪያ፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው ምድጃ። ደስታዬ እዚያ ላይ አለቀ።

ልጄ፣ ስንዴ በሚቦካበት ቤት የተጋገረ ኬክ ላይ "ከግሉተን ነጻ" ብለሽ አትጻፊ። ሌላውን ሁሉ ብትዘነጊው እንኳ ይህችን ያዢልኝ።

ሐኪሟ የደምሽን ውጤትና ከትንሹ አንጀትሽ የተወሰደውን ናሙና አይታ ሴሊያክ ነው፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትሽን ይጎዳዋል ስትለን አጠገብሽ ነበርሁ። ያን ቀን ስለ 20 ሚሊ ግራም የነገረችን ነገር ትዝ ይልሻል? በአውሮፓ ሕግ ያ ቃል የሚጻፈው በ1 ኪሎ ግራም ምግብ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊ ግራም ሳይበልጥ ነው። ይህን ወደ ፉርኖ ዱቄት ስትመልሽው ለሙሉ ኪሎው ሩብ ግራም ገደማ ይሆናል፤ በሁለት ጣት ቆንጥረሽ የምታነሽው እንኳ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ባጌት ሲጋገርበት በዋለ ክፍል ውስጥ የተበተነው ብናኝ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። አንቺ ጠረጴዛውን በጨርቅ ብትወለውዪው ከጣሪያው የሚወርደውን በምን ትወለውዪዋለሽ? ስሠራበት በኖርሁት ኬክ ቤት የዱቄቱ ነጭ ብናኝ ከፀጉሬ ሳይወጣ ባቡር ውስጥ እገባ እንደነበር አንቺ ራስሽ ትስቂብኝ አልነበረም?

የሚገዛሽ ሰው ማን መሰለሽ? ጤነኛ ሰው ማድሌን ሲያምረው በቅቤ የተሠራውን ይገዛል። ወደ አንቺ የሚመጣው እንዳንቺው የታመመ ነው፤ ወይም ልጁ የታመመበት አባት ነው። ያንቺን ጽሑፍ አምኖ ለልጁ ይሰጣል።

ከሳች ደግሞ ብላኛለች አክስትሽ። ይህን የነገረችኝ በመጨረሻ ነው፣ ቀለል አድርጋ። የዓመቱን የደም ምርመራ አድርገሻል? ካላደረግሽ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ።

ሙያውን አልነቅፍም። እንዲያውም ልንገርሽ፣ ከፈረንሳይ ትንንሽ ኬኮች ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ፊናንሲየ ነው። መጀመሪያ የጋገሩት በናንሲ ከተማ የነበሩ የቪዚታሲዮን ገዳም መነኮሳይያት ናቸው ይባላል፤ ሥጋ የተከለከሉ ጾመኞች ስለነበሩ ኃይል እንዲሰጣቸው በአልመንድ ሠሩት። ኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላን የሚባል የፓሪስ ኬክ ሠሪ ለአክሲዮን ገበያው ነጋዴዎች ጣታቸውን ሳያቆሽሹ እንዲበሉት እንደ ወርቅ ጡብ ቅርጽ አወጣለት። የሆነ ሆኖ አብዛኛው ዱቄቱ ድሮም አልመንድ ነው፤ ስንዴው ጥቂት ስለሆነ ብታወጪው አይጎዳም። ለ100 ግራም የአልመንድ ዱቄት 40 ግራም የሩዝ ዱቄትና 10 ግራም የበቆሎ ስታርች አድርጊ። ስኳሩ 80 ግራም ይበቃል፤ እዚህ አገር ያበዙታል። የቅቤው ጠረን እንዳይጎድል አልመንዱን ከማቡካትሽ በፊት በደረቅ መጥበሻ ቀላ እስኪል አምሺው፤ ሩቡን በኖዜት (በሄዝልነት) ዱቄት ብትተኪው ደግሞ የተቃጠለ ቅቤ የገባበት ነው ብለው ይምላሉ።

በእንቁላል ነጩ ፋንታ የሽምብራ ውኃ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጆኤል ሮሴል የሚባል ፈረንሳዊ የጥራጥሬ መቀቀያ ውኃ ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚያወጣ አሳየ፤ በዓመቱ አሜሪካኖች አኳፋባ የሚል ስም አወጡለት። እኛ ስንት ሁዳዴ ሙሉ ሽምብራ ስንቀቅል ኖረን ውኃውን ደፋነው! አያትሽ ይህን ብትሰማ እንዴት ትናደድ ነበር። ከቆርቆሮ የምታወጪው ከሆነ ጨው አለመኖሩን እዪ፤ ከቀጠነብሽ እሳት ላይ አንተክትኪውና ሲቀዘቅዝ እንደ እንቁላል ነጭ ዝልግልግ ይልልሻል።

ማድሌን ሌላ ነው። የማድሌን አገር የኮሜርሲ ሰዎች ማድሌን በጉብታዋ ትታወቃለች ይላሉ፤ ጉብታው ደግሞ የሚወጣው ቀዝቃዛ ሊጥ ጋለ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ነው። ሊጡን ማታ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሪው። ለስንዴ ሊጥ ማሳደር ወግ ነው፤ ለሩዝ ዱቄት ግን ግዴታ ነው፤ ውኃውን እስኪጠጣ ካልጠበቅሽው ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ምድጃውን 220 ዲግሪ አግይው፤ ጉብታው ብቅ ሲል ወደ 180 አውርጂው። ተልባ አታብዢበት። ተልባን ለፓን ዴፒስ፣ ለቅመሙ ኬክ፣ እወደዋለሁ፤ ማድሌን ውስጥ ግን ያከብደዋል፣ ያረጥበዋልም። ከተልባው ይልቅ ሲሊየም የሚባለው የተክል ቅርፊት ዱቄት ጥቂት ይበቃል፤ ግሉተን የሚሠራውን የመያያዝ ሥራ እርሱ ይሠራልሽ። የአኩሪ አተር ወተቱ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፤ ከቤኪንግ ፓውደሩ ጋር ሲገናኝ ይነፋዋል። አዲስ አበባ ለጾም ኬክ አምቦ ውኃ የምንጨምረው ለዚሁ ነበር።

ቤኪንግ ፓውደሩን ሳነሣ፣ የጀርባውን ጽሑፍ አንብቢ። አንዳንዱ ውስጥ የስንዴ ስታርች አለበት። የተፈጨ ስኳርም እንዲሁ። ፎርማውን ቅባት ቀብተሽ ስትነሰንሺ እጅሽ በልማድ ወደ ፉርኖ ዱቄት እንዳይሄድ፤ የሩዝ ዱቄት ነስንሺ።

ካኔሌን፣ የቦርዶውን ኬክ፣ ተዪው። ሰም በተቀባ የመዳብ ፎርማ፣ በእንቁላል አስኳልና በወተት የሚጋገር ነገር ሰሙም አስኳሉም ወተቱም ስንዴውም ሲወጣ የሚቀረው ሩም ብቻ ነው። በዚያ ላይ የቦርዶ ሰዎች በካኔሌያቸው አይቀልዱም። በታፒዮካ (በካሳቫ ስታርች) ሞክረሽ ደስ ካለሽ ቤትሽ ብዪው፤ ገበያ ግን አታውጪው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እናትሽ በከንቱ እንደማትቆጣ እንድታውቂ።

አጎትሽን ታውቂዋለሽ፤ ቀጭኑን፣ አጭሩን፣ ሳቂታውን። አሰላ ስናድግ ቤታችን ስንዴና ገብስ ነበር፤ ቁርሱ ቂንጬ፣ ምሳው ዳቦ፣ ማታ ገንፎ። እርሱ ከእኔ በታች ነው። እግሩ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ ሆዱ የተነፋ፣ ዘወትር ተቅማጥ የማይለየው፣ ነጭናጫ ልጅ ነበር። ቡዳ በልቶታል ተባለ። ጠበል ተወሰደ፤ የኮሶ መድኃኒት ተሰጠው። እናታችን ቢበላ ይሻለዋል ብላ ሌሊት እየተነሣች በወተት የራሰ ዳቦ ታጎርሰው ነበር። እኔም አጉርሼዋለሁ። አልሻለውም። በመጨረሻ አያታችን መጥታ አድአ ወሰደችው። እዚያ ከጤፍ በቀር ሌላ እህል በቤቷ አልነበረም። በክረምቱ ማብቂያ ልንጠይቀው ስንሄድ አላወቅሁትም፤ ጉንጩ ሞልቶ ከጥጃ ጋር ይሯሯጣል። የአድአ አየር ተስማማው አልን። ትምህርት ሊጀምር ተመልሶ ወደ አሰላ መጣ፤ ገና ሳይቆይ ያው ሆነ። እንዲህ ሲመላለስ አደገ። ከአያታችን በቀር እህሉን የጠረጠረ አልነበረም። "ይህ ልጅ ስንዴ ይጠላዋል" ትል ነበር፤ እኛ ደግሞ የአሮጊት ነገር ብለን እንስቅ ነበር።

የአጎትሽ በሽታ ያንቺው ይሁን አይሁን ማንም መርምሮት አያውቅምና ነው ብዬ አልምልም። ነገር ግን ሐኪሟ ስለ ሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ስለ ዊለም ዲከ ስትነግረን እኔ ዓይኔ የሞላው ለዚህ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ባለው የረሃብ ክረምት ሕዝቡ ዳቦ ሲያጣ፣ ሌላው ሕፃን ሲከሳ የእርሱ ሕሙማን ግን ተሻላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ በሽታውም ተመለሰባቸው። ለዓመታት ሲጠረጥረው የቆየውን ነገር በ1950 በጽሑፍ አቀረበ። ያኔ አጎትሽ ገና አልተወለደም። እውቀቱ በዓለም ላይ ነበር፤ እኛ ቤት አልደረሰም። እናታችን እስክትሞት ድረስ "ያን ሁሉ አጉርሼው እንዴት አልጠና አለ?" ትል ነበር። ይህ ነገር ይቆጨኛል፤ የሚወቀስ ሰው ስለሌለ ደግሞ ይበልጥ ይቆጨኛል። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ስለዚህ ስንዴ በሚቦካበት ቤት ጋግረሽ ያንን ቃል አትጻፊ።

ጤፍ ነው ብለሽም አትመኚ። ጤፍ ራሱ ግሉተን የለውም፤ እዚህ ከሱቅ የሚገዛው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ ይደባለቅበታል። ለክርስትና፣ ለሠርግ ስትጠሪ ሳትጠይቂ አትቁረሺ። "ትኮራለች" ይበሉሽ።

ሌላም አለ። ማድሌኑ ላይ ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የለበትም ለማለት "ቪጋን" ብለሽ ጽፈሽ ማር እንደምትጨምሪበት አክስትሽ ነግራኛለች። ለእኛ ማር የጾም ነው፤ ለቪጋኖቹ ግን ማር የንብ ነውና አይበሉም። ማሩን አውጪና ስኳር አድርጊ፣ ወይም ቃሉን ተዪ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። የዚህን ቅዳሜ ትእዛዝ ሰርዢ። ካልሰረዝሽ ወረቀቱን ቀይሪና "እንቁላልና ወተት የሌለው፤ ስንዴ በሚጋገርበት ቤት የተሠራ" ብለሽ በትልቁ ጻፊ። አልመንድና ኖዜት፣ አኩሪ አተርም እንዳለበት ጻፊ፤ ይህንንም ሕጉ ያስገድድሻል። ከዚያ በኋላ ከአክስትሽ ጋር ተነጋገሪ። ወጥ ቤቷ ሰፊ ነው፤ እርሷም ዳቦዋን ሳሎን ብትቆርጥ አትሞትም፤ እኔ እነግራታለሁ። ወንፊት አዲስ ግዢ። ማማሰያ አዲስ ግዢ፤ የእንጨቱን ጣዪው። እኔ የሰጠሁሽን የብረት የማድሌን ፎርማ መልሺልኝ። አውቃለሁ፣ ትወጂዋለሽ። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ስንዴ ሲጋገርበት የኖረ ነው፤ በየስርጉዱ የገባውን ምን አጥቦ ያወጣዋል? አዲሱን እኔ እገዛልሻለሁ፤ የልደትሽ ስጦታ ይሁን።

ዳቦ ቤቱን ስለ መልቀቅ አላዝሽም፤ ኪራይ እንዳለብሽ አውቃለሁ። ሐኪሟን ግን ጠይቂያት፤ በብናኝ ውስጥ ውዬ አድራለሁ በያትና የምትልሽን ንገሪኝ። አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ።

ዓለሜ፣ በአንቺ እጅ የተጋገረውን ፊናንሲየ ገና አልቀመስሁትም። አክስትሽ "ከአንቺ ትበልጣለች" አለችኝ። ይህን ለመስማት ብዙ ጠብቄአለሁ፤ ትንሽም ተናድጃለሁ።

ወንድምሽ አሁንም ከምርመራው እየሸሸ ነው። ከዐሥር የቅርብ ዘመድ አንዱ ሊኖረው ይችላል ተብሏል፤ እኔና አባትሽ ተመርምረን የለብንም። አንቺን ይሰማሻልና ዛሬ ደውዪለት። እስኪመረመር ድረስ ዳቦ እንዳያቋርጥ ንገሪው፤ ካቋረጠ ምርመራው አያሳይም።

ሐሙስ ከሥራ ስትወጪ ደውዪልኝ፤ ቅዳሜን በተመለከተ የወሰንሽውን መጀመሪያ ንገሪኝ፣ ሰላምታው ኋላ ይደርሳል።

እናትሽ

ይድረስ ተጨማሪ፦ ጥቅሉ ውስጥ ሽሮና በርበሬ አለ። በርበሬው ለብቻው በቀይ ክዳን ነው። ሽሮውን ያስፈጨሁት ሌላ እህል በሚፈጭበት ወፍጮ ስለሆነ አትንኪው፤ ለአክስትሽ ስጪያት።