ምጣዱን የሚችል ጣሪያ፦ የሕንፃና ኢነርጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን ክበብ የያዘው አንድ ሥራ ብቻ ነው። በዓመት የሚፈጀውን ኤሌክትሪክ ራሱ የሚያመርት፣ ስሚንቶ የማያበዛ፣ ደመወዝተኛ ሊገዛው የሚችል ቤት መንደፍ። ያሠቃየችን የመጨረሻዋ ናት። ለሀብታምማ ምን ችግር አለው፣ ጣሪያው ላይ የሶላር ፓኔል መደርደር ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ ከስልካቸው ያገኙትን የአውሮፓ ዲዛይን ይዘው መጡ። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ባለ ሦስት ንብርብር መስታወት፣ ውስጡ ማሞቂያ። ያምራል። ግን እዚያ ቤቱ ኢነርጂ የሚበላው ብርዱን ለመከላከል ነው፤ እኛ ጋ በሐምሌም ጋቢ ይበቃል። ታዲያ የአዲስ አበባ ቤት ኤሌክትሪኩን ምን ላይ ይጨርሳል? ሁሉም ቤቱ ያሉት ዕቃዎች ላይ የተጻፈውን ዋት መዝግቦ እንዲመጣ አዘዝኩ። መልሱ ወዲያው ታወቀ። ምጣድ!

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ሁለት ሰዓት ከተጋገረበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ሲሆን 14፣ ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 2። ለወጥ ምድጃ 3 ጨመርን፣ ለፍሪጅ 1፣ ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ 1። ድምሩ በቀን 7። የ1 ኪሎ ዋት ፓኔል በአማካይ በቀን 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያመርታል ብለን ያዝን፣ ክረምቱን አስበን ቆጠብ አልን። ስለዚህ ለአንድ ቤተሰብ 2 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 10 ካሬ ሜትር ገደማ ጣሪያ ይበቃል። ተጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳያልቅ አንዷ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ "ቲቸር፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ጣሪያው የማን ነው?" አለች። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነበር። ጂ+4 ብሎክ ወሰድን፤ በየፎቁ 4 ቤት፣ በጠቅላላው 20 ቤተሰብ። ጣሪያው 250 ካሬ ሜትር ቢሆን ለአንዱ 12.5 ይደርሰዋል። በጭንቅ ይበቃል፤ የውሃ ታንከሩን ሌላ ቦታ ካስቀመጥን ማለት ነው። ጂ+9 ላይ ግን 6 ካሬ ገደማ ብቻ ይቀራል፣ ምጣዱንና ምድጃውን አይችልም። ግማሹ ክበብ "እንግዲያው ጂ+1 እንሥራ" አለ፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ የመሬቱን ዋጋ አንስቶ አፋጠጠው፤ ክርክሩ ሁለት ሳምንት በላ። እኔ ከጂ+4 ወገን ነኝ። ርካሽ ቤት ከከተማው ዳር ተሠርቶ ሰው በታክሲ ሰልፍ ዕድሜውን ከጨረሰ፣ ርካሽነቱ የቱ ላይ ነው?

ባትሪው ሌላ ራስ ምታት ነው። ዋጋውን የሚሰቅለው እሱ ነው። ባትሪ እንዲያንስ ምጣዱ የሚጣደው እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ በደንብ ስትሰጥ መሆን አለበት። ይህንን ሐሳብ አንድ ልጅ ቤቱ ወስዶ ለእናቱ ቢነግራቸው፣ "እኩለ ቀን ላይ ሥራ ቦታ ነኝ፣ ደግሞ ቀን ቀን መብራቱ ደካማ ስለሆነ ነው ሌሊት የምጋግረው" አሉት። ትክክል ናቸው። ከዚያ በኋላ ዲዛይኑ ላይ የጋራ መጋገሪያ ክፍል ገባ። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የጋራ ማብሰያ ቤት ድሮም ስላለ ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ቅዳሜ ቀን በተራ ይጋገርበታል። በነገራችን ላይ ብዙዎቹ ልጆች የደነገጡበት ነገር፣ ባትሪ የሌለው ከመስመር ጋር የተገናኘ ሶላር፣ መብራት ሲሄድ አብሮ መጥፋቱ ነው። መስመር የሚጠግነው ሠራተኛ እንዳይነዝረው ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው።

ካርቦኑስ? የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ስለሚመነጭ፣ የቤታችን ካርቦን ያለው ከአምፖሉ ይልቅ ግድግዳውና አርማታው ውስጥ ነው። አንድ ኩንታል ስሚንቶ ሲመረት በዓለም አማካይ ወደ 60 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ነዳጁን ብትቀይሩት እንኳ ችግሩ አያልቅም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው የሚወጣው፣ 1,450 ዲግሪ ገደማ ድረስ ሲጋገር። ስለዚህ ስሚንቶ የሚቀንሱ ነገሮችን ፈለግን። ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣው ፑሚስ የሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብሎኬቱን ቀላል ያደርገዋል፣ ተፈጭቶም ስሚንቶ ውስጥ ይገባል። ጭቃም አለ። ልደታ ያለው ሕንፃ ኮሌጅ በ2010 እ.ኤ.አ. ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ከአፈር ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርቷል፣ ጣሪያና ወለሉን በጡብ ቅስት ይዞ። ፎቶውን ሳሳያቸው "ጭቃ ቤትማ የድሃ ነው" ሲሉ የነበሩት ዝም አሉ።

አፈሩን በጠርሙስ ፈተሽን። ውሃ ጨምሮ መነቅነቅ ነው፤ አሸዋው መጀመሪያ ይዘቅጣል፣ ሸክላው መጨረሻ። ጥቁሩ የመረሬ አፈር ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ፤ ቀዩ አፈር ትንሽ ስሚንቶ ተጨምሮበት ተጠቅጥቆ ደህና ጡብ ወጣው። የሠራናቸው ጡቦች ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አሉ፣ እባካችሁ አትቀመጡባቸው።

ልደታ መርካቶ የሚባለውን የገበያ ሕንፃም ዞር ብለን አየን። ፊቱ መስታወት አይደለም፤ በትንንሽ ቀዳዳዎች የተወቀረ ነው፣ ብርሃኑንም ነፋሱንም መጥኖ ያስገባል። ከዚያ ወጥተው የመስታወት ሕንፃዎቹን ሲያዩ ልጆቹ የሰጡትን አስተያየት እዚህ አልጽፍም።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ መጻሕፍት "መስኮቱን ወደ ደቡብ" ይላሉ። ሜዳ ላይ እንጨት ተክለን በሰኔ ቀትር ስናይ ጥላው ወደ ደቡብ ወደቀ፤ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ናት። በሚያዝያ መጀመሪያ ደግሞ ቀጥ ብላ አናት ላይ ነበረች። ስለዚህ ፓኔላችንን ትንሽ ብቻ አዘነበልነው፣ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ያህል። መስኮት ከምሥራቅና ከምዕራብ ቀነስን።

ዋጋው ገና አልተዘጋም። የአርማታና የፌሮ ዋጋ በየወሩ ሲቀያየር ሠንጠረዡ ቶሎ ቶሎ ያረጃል። በመስከረም የምንቀጥለው ከዚያ ነው፤ እስከዚያ የቆጣሪ ካርድ የሞላችሁበትን የክረምት ደረሰኝ አትጣሉ፣ ስማችሁ ካለበት ቆርጣችሁ አውጡና አምጡልን። የወረቀት ስሌታችን በቀን 7 ይላል፤ የእናንተ ስንት እንደሚል ማየት እንፈልጋለን።