የምሽግ ትኩሳትና የባሕር ዳር የቀን ሠራተኞች

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤያለሁ። ይሁን እንጂ በምሽግ የነበሩ ወታደሮች ሁሉ የታመሙት በጭቃና በቅዝቃዜ ነው መባሉ መታረም ይገባዋል። ስለ እግራቸው ከሆነ እውነት ነው፤ ውሃ ባቆረ ጉድጓድ ውስጥ ጫማ ሳያወልቁ ለቀናት የቆሙ ሰዎች እግራቸው ይደነዝዝና ያብጥ፣ ሲብስም ይቆረጥ ስለነበር፣ የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች የወታደሩን እግር እንዲመረምሩና ካልሲ እንዲያስቀይሩ ታዘው ነበር።

በየአምስት ቀኑ እያገረሸ ቅልጥም የሚሰብረው የምሽግ ትኩሳት ግን የልብስ ቅማል ያመጣው ነው። ይህም የተረጋገጠው ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ነበር። ወታደሮቹ የሸሚዛቸውን ስፌት በሻማ ነበልባል ላይ ያሳልፉ ነበር፤ ልብሱ በእንፋሎት ቢታጠንም በስፌቱ ውስጥ የተረፈው ቅጫም የሰው ገላ ሲሞቀው ይፈለፈላል።

ይህን ያነሣሁት ለታሪክ እርማት ብቻ አይደለም። እዚህ ባሕር ዳር በነርስነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት፣ በየክረምቱ በአንድ ቆርቆሮ ክፍል ተደራርበው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ግርሻ፣ ማለትም ያው የልብስ ቅማል የሚያስተላልፈው ሌላ የሚያገረሽ ትኩሳት፣ ይዟቸው ይመጡ ነበር። የአንዱን ወጣት ሹራብ ገልብጬ ሳየው ብብቱ ሥር ያለው ስፌት በቅጫም ነጥቶ ነበር። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ መድኃኒቱን በወሰደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አልጋው እስኪነቃነቅ ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል፣ አጠገቡ ሰው ሳይኖር ማከም አደገኛ ነው። ቅማልን በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መጨፍለቅ፣ ሁላችንም እንደ ደኅና ነገር ያየነው ልማድ፣ ራሱ መተላለፊያ ነው፤ ተሕዋሲው ያለው በቅማሉ የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ በተጫረ ቆዳ በኩል ይገባል።

«ጣና ደጃቸው ነው፣ ለምን አያጥቡም?» የሚል አይጠፋም። የሐይቅ ውሃ ቅማል አይገድልም፤ የሚገድለው የሚፈላ ውሃ ወይም ስፌቱን ተከትሎ የሚሄድ የጋለ ካውያ ነው። ቅያሪ ለሌለው ሰው ደግሞ ልብስ መቀቀል ማለት ልብሱ እስኪደርቅ ራቁት መቀመጥ ነው። ስለዚህ የሚመለከታቸው የከተማችን ኃላፊዎች ከክረምቱ በፊት ሠራተኞቹ በሚያድሩባቸው ሰፈሮች የልብስ መቀቀያ በርሜልና እስኪደርቅ የሚለበስ ጋቢ ቢያዘጋጁ፣ ወጪው ከሚገዛው መድኃኒት የሚበልጥ አይመስለኝም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ባሕር ዳር