ከጦር ሰፈር ወደ ከተማ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ቤተሰቡስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ጊዜ ስለጠፋሁ ይቅር በለኝ።

የተሰናበቱ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው በአሮጌ ምሽግ ሲሰፍሩ ምን እንደሚከተል ለተማሪዎችህ የምታስረዳበት ምሳሌ ጠይቀኸኝ ነበር። እንግሊዝ አገር ካለችው ከኮልቸስተር የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዛቸው።

ሮማውያን በ43 ብሪታንያን እንደ ወረሩ ለ20ኛው ሌጌዎን (ሌጌዎን ትልቅ የሮማ ጦር ክፍል ነው) እዚያ ምሽግ ሠሩ። በ49 ሌጌዎኑ ወደ ምዕራቡ ግንባር ሲነቃነቅ ቦታውን ጡረተኞቹ ተረከቡት። ከባዶ አልጀመሩም። የምሽጉ መንገዶች የከተማው መንገዶች ሆነው ቀጠሉ። አንዱ የወታደር ቤት ረጅም መደዳ ነው፤ 80 ሰው ስምንት ስምንት እየሆነ በየክፍሉ ያድርበታል፣ ጫፉ ላይ የመቶ አለቃው ሰፋ ያለ መኖሪያ አለ። ወታደር በአገልግሎት ላይ ሳለ በሕግ ማግባት አይፈቀድለትም ነበርና ክፍሎቹ ለባለትዳር የታሰቡ አልነበሩም። ስለዚህ አንዳንዱን መደዳ ይዘው ውስጡን እንደገና ከፋፈሉት፣ ሌላውን አፍርሰው አዲስ ቤት ሠሩበት።

ጥፋቱ የመጣው ከአጥሩ ነው። የአፈር ካቡን ንደው ጉድጓዱን ሞሉበት። ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ፣ አዛዦቹ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚያምረውን አስቀደሙ ብሎ ይወቅሳቸዋል። በዚያ ላይ የሚታደለው መሬት ባለቤት ነበረው። ጡረተኞቹ ትሪኖቫንቴስ የተባሉትን ነባር ሰዎች ከቤታቸውና ከእርሻቸው እያባረሩ ባሪያ ይሏቸው ነበር። ገና በሥራ ላይ ያሉት ወታደሮችም ነገ የእኛም ዕጣ ነው ብለው ጡረተኞቹን ይደግፉ ነበር። ለንጉሠ ነገሥቱ ለክላውዲየስ የተሠራው ቤተ መቅደስ ወጪ ደግሞ የባላገሩን ጥሪት ጨረሰው።

በ60 ወይም በ61 በሮማውያን ላይ ያመፀችው የብሪታንያ ንግሥት ቡዲካ በከተማው ላይ ስትዘምት ርዳታ ተጠየቀ። የመጡት በቂ ትጥቅ የሌላቸው 200 ያህል ሰዎች ብቻ ናቸው። ጉድጓድ አልቆፈሩም፤ አዛውንቱንና ሴቶቹን ቀድመው አላሸሹም። ቤተ መቅደሱ ውስጥ የመሸጉት ሁለት ቀን ተከበው አለቁ። ከተማው ተቃጠለ። እንጨትና ጭቃው ቤት በእሳቱ ጠንክሮ ቀይ አፈር ሆኗል፤ ዛሬም ከተማው ውስጥ የሚቆፍር ያገኘዋል። በ2014 ዋናው መንገድ ላይ ከአንድ ቤት ወለል ሥር የተቀበረ ጌጥ ወጣ፦ የሴት የወርቅ ጉትቻ፣ አምባርና ቀለበት፣ አብሮም ለወታደር የሚሸለም ዓይነት የብር ጌጥ። ባልና ሚስት ንብረታቸውን በአንድ ጉድጓድ ሸሽገውት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ተመልሶ ያወጣው የለም።

የከተማው ግንብ የተሠራው ከዚያ ጥፋት ወዲህ ነው። ርዝመቱ 2.8 ኪሎ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.4 ሜትር ያህል ሲሆን ከፊሉ አሁንም ቆሟል። ተማሪዎችህ ካርታ ሲስሉ ከምሽጉ አጥር ጋር እንዳያምታቱት አደራ፤ ግንቡ ከምሽጉ በጣም ይሰፋል፣ ቤተ መቅደሱንም ወደ ውስጥ ያስገባል።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ