ከዕቃ ቤት የተገኘው የኪኑጋሳ ፊልምና የእኛ ካሴቶች

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ጃፓን ሲኒማ ሲወራ ሁሌም ዳይሬክተሩ ኩሮሳዋ ነው። ኩሮሳዋን እኔም እወደዋለሁ። ግን ከእሱ በፊት ቴይኖሱኬ ኪኑጋሳ የሚባል ዳይሬክተር ነበር። በፊልም ገጻችሁ ላይ አንድ ቀን ቦታ ብትሰጡት ደስ ይለኛል።

ኪኑጋሳ የተወለደው በ1896 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ወደ ፊልም የገባው በተዋናይነት ነው፤ ያውም ሴት ሆኖ የሚጫወት። ያኔ በጃፓን ሴት ሆነው የሚተውኑት ወንዶች ነበሩ፤ የእኛም አገር ቴአትር እንዲሁ ነው የጀመረው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሴቶቹ ራሳቸው ካሜራ ፊት መቆም ሲጀምሩ እሱ ወደ ዳይሬክተርነት ዞረ።

በ1926 «አንድ የዕብደት ገጽ» የሚለውን ፊልም ሠራ። ጽሑፉ ላይ ከተሳተፉት ወጣት ደራሲዎች አንዱ በኋላ ኖቤል የተሸለመው ካዋባታ ነው። ገንዘብ አልነበራቸውም። መብራት ቢያንሳቸው ብርሃኑን እንዲያንጸባርቅ ብለው ግድግዳውን የብር ቀለም ቀቡት። ታሪኩ የአንድ ሽማግሌ ነው፤ ሚስቱ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገብታበት፣ ከእሷ ላለመራቅ ብሎ እዚያው ተላላኪና ጽዳት ሆኖ ይሠራል። ወደ መጨረሻው ላይ በሐሳቡ ለሕሙማኑ የሚስቅ ጭምብል ሲያለብሳቸው ይታያል፤ እዚያ ስደርስ አለቀስኩ። ድምፅ የለውም፣ በመሃል የሚገባ ጽሑፍ እንኳ የለውም። ያኔ ሲኒማ ቤት ውስጥ ቤንሺ የሚባል ተራኪ ቆሞ ለተመልካቹ ያስረዳ ነበር። ቪዲዮ ቤት ተጋፍቶ ገብቶ የህንድ ፊልም በትርጉም ያየ የጅማ ልጅ ይህ አይጠፋውም።

ከዚያ ፊልሙ የውሃ ሽታ ሆነ። ኪኑጋሳ ሥራውን ቀጠለ፣ «የሲኦል በር» በሚለው ባለቀለም ፊልሙ በ1954 ፈረንሳይ አገር የሚካሄደውን የካን ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወሰደ፣ ያ የወጣትነት ሥራው ግን የለም። በ1971 ራሱ ኪኑጋሳ ከገዛ ቤቱ ዕቃ ቤት አገኘው! 45 ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር። ሙዚቃ አስገብቶበት እንደገና ለሕዝብ አሳየው፤ እኔም ዛሬ ጅማ ቁጭ ብዬ በስልኬ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ከተማ ስንት ቤት፣ ቁምሳጥን ላይ፣ አልጋ ሥር፣ የቪዲዮ ካሴት ተቀምጧል? የሠርግ ነው፣ የምረቃ ነው እንላለን። ከሙሽራው መኪና ጀርባ ግን የድሮው መርካቶ አለ፣ ዛሬ የፈረሱ ቤቶች አሉ፣ የሞቱ ሰዎች ሲጨፍሩ አሉ። የጅማ ዝናብና እርጥበት ደግሞ ለካሴት አይመችም። ጎረቤታችን እማማ የልጃቸውን ሠርግ ላሳይህ ብለው ካሴቱን ሲያወጡ ክሩ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። እንዲያ ሆኖ ማጫወቻ ውስጥ ከገባ ይበላሻል፣ ማጫወቻውንም ያበላሻል። እሳቸው ግን ይሠራል ብለው መልሰው በፌስታል ጠቀለሉት። አንጀቴን በሉት።

ስለዚህ አዘጋጅ፣ ጥያቄዬ ይህ ነው። ካሴትና ፊልም ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡ ባለሙያዎች የት የት እንዳሉ አጣርታችሁ ዋጋውን ጭምር አውጡልን፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉትንም። ዩኒቨርሲቲያችንም አንድ ክፍልና አንድ ደህና ማጫወቻ ቢመድብ ካሴት ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው፣ እኔ ራሴ እማማን ይዤ እመጣለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ