ጨጓራዬ ምን አጠፋ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ የወንዶች ፀጉር ቤት አለኝ። ጋዜጣችሁን የምገዛው ደንበኞቼ ተራ ሲጠብቁ እንዲያነቡት ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቀድሜ የማነበው እኔ ነኝ። ባለፈው ሰሞን በጤና ዓምዳችሁ ስለ መጥፎ የአፍ ጠረን የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ ማንበቤ ስለወደድኩት አይደለም።

ጽሑፉ በጨጓራ ጀምሮ በጨጓራ ጨረሰ። መሀል ላይ ብሮኮሊ ብሉ፣ አረንጓዴ ሻይ ጠጡ ይላል። ከጎኑ ደግሞ ጥርሱ የበለዘ ሰው ፎቶ ተለጥፏል። በሦስቱም ቅር ብሎኛል።

ፀጉር አስተካካይ ስለዚህ ምን አገባው የሚል ካለ፣ ጺም ስሠራ በአፍንጫዬና በደንበኛዬ አፍ መካከል ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስተነፍስ ኖሬአለሁ። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣውን፣ ሦስተኛውን ቡና ጠጥቶ የመጣውን፣ ጥሬ ሽንኩርት የተጠቀጠቀበት ስንግ ቃሪያ በልቶ የመጣውን ሳልጠይቅ እለያለሁ። የፋሲካ ማግስትማ ለብቻው ነው፤ በጥርስ መሀል ያደረ ሥጋ፣ በላዩ ጠላ፣ በጠላው ላይ አረቄ። ጫት ሲቅም የዋለ ሰው ደግሞ ከንፈሩ ደርቆ፣ ምላሱ ከላንቃው ጋር እየተጣበቀ ነው የሚያወራኝ። ታዲያ አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። እኔም አልናገርም፤ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ሪዙን እከረክማለሁ።

ለእኔም ማንም ሳይነግረኝ ስንት ዓመት እንደኖርኩ እንጃ። የነገረኝ ኮሮና ነው። መጋቢት 2012 በሽታው ገባ ሲባል ሁዳዴ ላይ ነበርን፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ማስክ ማድረግ በጀመርንበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ገደማ፣ የአንድ ሰውዬ ጺም እየሠራሁ ክፉ ጠረን ሸተተኝ። ‘ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን በልቶ ነው’ እያልኩ በሆዴ አማሁት። ጨረስኩ፣ ከፈለኝ፣ ሄደ። ጠረኑ ግን አልሄደም። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና መስታወቱ። ማስኩን ዝቅ አደረግኩት፣ ጠፋ። መለስኩት፣ መጣ።

ያን ቀን ሌላ ሰው አልሠራሁም፤ አሞኛል ብዬ ዘጋሁ።

እንደ አገሩ ሁሉ እኔም ‘ጨጓራ ነው’ አልኩ። የሄድኩበት ክሊኒክም አፌን እንኳ ሳያስከፍተኝ የጨጓራ እንክብል ጻፈልኝ። ሁለት ወር ዋጥኩት። ጨጓራዬ ከዚያ በፊት አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም፤ ምን አጥፍቶ እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ጠረኑ እንዳለ ነው፣ ገንዘቡ ብቻ ሄደ።

በመጨረሻ ያተረፈኝ የጥርስ ሐኪም የሆነ ደንበኛዬ ነው። ብዙ አፍሬ፣ ቤቱ ሰው እስኪጎድል ጠብቄ ነገርኩት። “ጋሼ፣ ማንኪያ አለ?” አለኝ። የሻይ ማንኪያ አጥቤ ሰጠሁት። ገልበጥ አድርጎ የምላሴን ጀርባ፣ ወደ ጉሮሮው ጠጋ ካለው ቦታ፣ ሊያስመልሰኝ እስኪደርስ ጠረገው። ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዝቃጭ ይዞ ወጣ። “ትንሽ ይቆዩና ያሽትቱት” አለኝ። አሸተትኩት። ያ ማስክ ውስጥ የነበረው ራሱ ነው።

እሱ እንዳስረዳኝ፣ አፋቸው ከሚሸት አሥር ሰዎች የስምንቱ ወይም የዘጠኙ ምንጩ አፍ ውስጥ ነው። ምላስ ጀርባ፣ ጥርስ መሀል፣ ድድ ሥር። እዚያ የተደበቁት ባክቴሪያዎች አየር አይወዱም፤ የምግብ ትራፊውንና የሞተውን ሕዋስ ሲያፈርሱ፣ ፕሮቲኑ ውስጥ ያለው ድኝ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። አንደኛው ጋዝ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ነው። ይህን ሁሉ ቀን ከሌት የሚያጥብልን ምራቅ ነው፤ ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ ሊትር ተኩል ያመነጫል። ስንተኛ ምራቁ ይቀንሳል። እህል ውሃ ሳንቀምስ ስንውልም እንደዚያው፤ ማኘክ የለ፣ መጠጣት የለ፣ በዚህ ላይ የአዳማ ሙቀት። ስለዚህ በሁዳዴ ስምንት ሰዓት ላይ የሸተተኝ የበላሁት ሳይሆን ያልበላሁት ነው። ረጅም ጾም ላይ ደግሞ ሰውነት ስብ ማቃጠል ሲጀምር አሴቶን በትንፋሽ ይወጣል፤ ከጎኔ ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቅበትን ዓይነት ጠረን እኔም አንዳንድ ደንበኞቼ ላይ አስተውዬ ነበር። ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ይህን ስል ጾምን መንቀፌ እንዳይመስልባችሁ። እኔ ራሴ ዛሬም እጾማለሁ። በረመዳን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚመጣ ጎረቤቴ አለ፤ አፉን በእጁ ሲከልል አይቼ ‘ተወው ባክህ’ ብለው፣ እነሱ ዘንድ የጾመኛ አፍ ጠረን የተከበረ እንደሆነ ነገረኝ። ደስ አለኝ። እጁን ግን አላወረደም።

ሽንኩርት ሌላ ጉዳይ ነው። ያለንበት አገር የሽንኩርት አገር ነው፤ እዚሁ አቅራቢያችን ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የቀይ ሽንኩርት ዝርያዎች አንዱ ስሙ ‘አዳማ ሬድ’ ነው። ጽሑፋችሁ “ነጭ ሽንኩርት ከበሉ በኋላ ጥርስዎን ይቦርሹ” ብሎ አለፈው። ብቦርሽስ? ከነጭ ሽንኩርት የሚወጣው አንዱ ሽታ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፤ ከደም ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ በትንፋሽ ይወጣል። ለዚህ ነው ማታ የበላነው ጠዋት የሚናገርብን። ቡርሽ ሳንባ አይደርስም። በቁሌት በደንብ የበሰለው ከጥሬው ይሻላል፤ ሲበስል ያን ሽታ የሚፈጥረው ነገር ኃይሉን ያጣል። እኔን የሚጎዳኝ ሽሮው ላይ ያለው አይደለም፤ አጠገቡ ያለው ጥሬው ነው።

አሜሪካ ያለው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2010 ወተት የነጭ ሽንኩርትን ሽታ እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ቅባቱ ያልወጣለት ወተት የተሻለ ነው፣ ከምግቡ በኋላ ከመጠጣትም ከምግቡ ጋር መጠጣት ይበልጣል። እሺ፣ ለፍስክ ይሁን። ሁዳዴ ላይስ? እነዚያው ተመራማሪዎች በኋላ ጥሬ ፖም፣ ጥሬ ሰላጣና የናና ቅጠልም እንደሚሠሩ አግኝተዋል። የፖምን ዋጋ ስለምታውቁት እሱን ልለፈው። ሰላጣው ግን በያይነቱ ዳር ላይ ሁልጊዜ ነበረ! እኔ ጌጥ እየመሰለኝ ለዓመታት ወደ ጎን ስገፋው ኖሬአለሁ። ብሮኮሊ ፍለጋ ከመላካችሁን በፊት ትሪው ላይ ያለውን ብትነግሩን ምን ነበረበት?

ቡናውን አልተውኩም፤ ልተው ብልም ባለቤቴ አትሰማኝም። ቡና አፍ ያደርቃል፣ ስኳሩ ደግሞ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ ነው። ስለዚህ የእኔ ሲኒ ያለ ስኳር ሆኗል፤ ከበረካው በኋላ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀርብልኛል። መጀመሪያ እንግዶች ታዝበውኝ ነበር፤ አሁን እነሱም ይጠይቃሉ።

አሁን ፎቶውን ልናገር፤ ብዕር ያስነሳኝ እሱ ነው። የተወለድኩት ወንጂ ነው፤ አባቴ የስኳር ፋብሪካው ሠራተኛ ነበር። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ሲል፣ በወንጂ እርሻ መንደሮች ከ10 ሚሊግራም በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች ነበሩ። ያንን ውሃ በልጅነቱ፣ ቋሚ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ የጠጣ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ቆሻሻ አይደለም፤ ከውጭ የተለጠፈም አይደለም፣ የጥርሱ ሽፋን አብሮ የተሠራበት ነው። እኔ በከሰልም በአመድም ፈትጌዋለሁ፣ ድዴ ደማ እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም። ከጠረን ጋር ደግሞ ምንም አያገናኘውም። የወንጂ ልጆች ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ አፋቸውን በመዳፋቸው ሲሸፍኑ አያለሁ፤ ስንዝር ርቀት ላይ ሆኜ እመሰክራለሁ፣ ብዙዎቹ አፋቸው ምንም የለበትም። ያን ጋዜጣ ያነበበ ደንበኛ ግን ከፎቶው ቀና ብሎ ጥርሴን አየና ወንበሩን ትንሽ ሳብ አደረገ። ልብ በሉልኝ፣ ያን ጊዜ ምላሴን በየቀኑ መጥረግ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈውኛል።

ስለዚህ ልመናዬ፦ ፎቶውን በሚቀጥለው እትም አርሙት። አንድ የጥርስ ሐኪም ጋብዛችሁም ስለ እኛው ማዕድ፣ ስለ ጾሙ ሰዓት፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ጥሬው ሽንኩርት ጠይቁልን። ሆዱን የሚያቃጥለው፣ ቃር የሚያስቸግረው ሰው ስለ ጨጓራው ይታከም፤ ሌላው እንክብል ከመግዛቱ በፊት አፉን ከፍቶ ያስመርምር።

ያቺ የሻይ ማንኪያ አሁንም አለች። ከመስታወቱ ሥር፣ ምላጩና አልኮሉ አጠገብ፣ በብርጭቆ ቆማለች። ባለፈው አንድ ደንበኛ ሻይ አዝዞ ስኳሩን ሊያማስልባት ሲያነሳት በስንት ሩጫ ደረስኩበት።

አክባሪያችሁ
ፀጉር አስተካካዩ፣ ከአዳማ
(ስሜ እንዳይወጣ አደራ፤ ደንበኞቼ ያነቡታል)