ኬሞ ለሚወስዱ እናቶች ማረፊያ ቤት፦ ከሐዋሳ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ሐዋሳ ላይ አንድ ቤት ልንከራይ ነው። ትልቅ ቤት አይደለም። ሁለት መኝታ ክፍል፣ አንድ ሳሎን፣ ግቢው ውስጥ ውሃ ካለው ይበቃናል። የምንፈልገው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አካባቢ ነው። ኬሞ (ጠንካራውን የካንሰር መድኃኒት) ወስዳ የወጣች ሴት ባጃጅ ላይ ብዙ መንገላታት የለባትም። የሚያርፉበትም ከገጠር እየተመላለሱ የጡት ካንሰር ሕክምና የሚከታተሉ ሴቶች ናቸው። እንድታግዙን የምንለምናችሁ ለዚህ ነው።

እኛ የጡት ካንሰር ይዞን የታከምን፣ አንዳንዶቻችንም አሁን ድረስ መድኃኒት ላይ ያለን የሐዋሳ ሴቶች ነን። እኔ የግራ ጡቴ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ኬሞውን ጨርሻለሁ፣ ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ከርሜያለሁ፣ አሁን በየቀኑ አንድ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን እውጣለሁ፤ ካንሰሩ እንዳይመለስ ነው። ይህን በሰፈሬም በእድሬም በግልጽ እናገራለሁ። መጀመሪያ ላይ እናቴ «ኧረ ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?» ትለኝ ነበር። ዛሬ ለጎረቤቱ ሁሉ «ሂዱና ታዩ» እያለች የምትጨቀጭቀው እሷ ናት።

ቤቱ ለምን አስፈለገ? ኬሞ ብዙውን ጊዜ በየ21 ቀኑ ይሰጣል። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ይመረመራል። የታካሚዋ ነጭ የደም ሴል (በሽታ የሚከላከለው) ካነሰ መድኃኒቱ አይሰጣትም፤ «ከሳምንት በኋላ ተመለሺ» ትባላለች። ሐኪሞቹ ልክ ናቸው። ደሟ ሳያገግም ቢሰጧት ኢንፌክሽን ሊገድላት ይችላል። ግን ከበንሳ ወይም ከአሮሬሳ የመጣችውን ሴት አስቧት። ለመሳፈሪያ ዶሮ ሸጣለች፣ ካልሆነም ተበድራለች። አገሯ ተመልሳ እንደገና የምትመጣበት ገንዘብ የላትም። ከተማው ውስጥ ዘመድ ከሌላት በረንዳ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ታድራለች። አለበለዚያ ትሄድና በዚያው ትቀራለች። እኛን የሚያንገበግበን ይሄ መቅረት ነው። በሽታው ሊድን የሚችል ሆኖ ሳለ፣ በፍራሽና በመሳፈሪያ እጦት ሕክምናው መሃል ላይ ይቋረጣል።

ሌላም ነገር አለ። ከኬሞዎቹ አንዱ ቀይ ነው። ከወሰዱት በኋላ ሽንት ይቀላል። አንዲት የአለታ ወንዶ እናት ይህን አላወቀችም ነበር። ሽንት ቤት ገብታ «ደም ሸናሁ፣ አለቀልኝ» ብላ እየተንቀጠቀጠች ወጣች። ወረፋ ትጠብቅ የነበረች ሌላ ታካሚ እጇን ያዘችና በሲዳምኛ «የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ እኔም ሸንቼዋለሁ፣ ነገ ይጠራል» አለቻት። ሴትየዋ ተቀመጠች፣ ውሃ ጠጣች፣ ከዚያ ጥያቄዋ ሁሉ ተግተልትሎ ወጣ። ጸጉሬስ? ለባሌ ምን ብዬ ልንገረው? እንጀራ መጋገር እችላለሁ?

ቤቱን የምንፈልገው ለመኝታ ብቻ አይደለም ስንል ይህን ማለታችን ነው። ማታ ማታ እዚያ የሚወራው ወሬ ብዙ ሴት ያድናል ብዬ አምናለሁ። ጸጉር ከመጀመሪያው ዙር በኋላ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደሚረግፍ፣ በኋላም ተመልሶ እንደሚበቅል ትሰማለች። የብብት ዕጢዋ ከወጣ በዚያ በኩል ባለው እጇ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማንሳት እንደሌለባት፣ እጁ ሊያብጥ እንደሚችል የሚነግራት ታገኛለች። ጡቷ ለወጣ ደግሞ በጡት ማስያዣዋ ውስጥ የምታደርገውን ምትክ ጡት ከጨርቅ መስፋት እናሳያታለን። ውስጡ ጥጥ ነው፤ ለክብደት ጥቂት ዳጉሳ በትንሽ ከረጢት ይገባበታል። ስታጥበው ከረጢቱን ታወጣዋለች። ለቅሶም ሰርግም ስትሄድ ቀሚሷ በአንድ ወገን አይጎድልም።

በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች የጡት ካንሰር ቀዳሚው ነው። አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። እብጠቱ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም፤ «ካላመመኝ ምን አስሮጠኝ» ያላለች ማን አለች? ጠበሉንም ጸሎቱንም አንነቅፍም፣ እኛም ያጽናናን እሱ ነው። ሕክምናው ግን ጎን ለጎን ይሂድ። ይህን በየእድሩና በየቡናው እየዞርን እንናገራለን፣ ቤቱም የዚህ ሥራ መነሻ ይሆናል።

አሁን ወደ ልመናችን። ትልቁ ወጪ የአንድ ዓመት ኪራይ ነው። ግማሹን እድሮቻችን ሊሸፍኑልን ቃል ገብተዋል፤ ግማሹ ይቀረናል። 8 ፍራሽ ያስፈልገናል፣ አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ምድጃ፣ ድስት። ቡላ የምትችሉ ቡላ አምጡልን፤ አፏ በኬሞ ለቆሰለ ሴት የቡላ ገንፎ ይወርድላታል። ቴርሞሜትርም ያስፈልጋል። ኬሞ ላይ ያለች ሴት ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ ወዲያው ሆስፒታል መድረስ አለባት። ስለዚህ እናንተ የባጃጅ ልጆች፣ ሌሊት ስንደውል የምትመጡልን ሁለት ሦስት ልጆች እንፈልጋለን። ነዳጁን እኛ እንችላለን።

ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። ገቢና ወጪው በየወሩ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። የባንክ ቁጥሩን ከእድራችሁ ጸሐፊ ውሰዱ። ውጭ ያላችሁ የሐዋሳ ልጆችም እዚህ ባሉ ቤተሰቦቻችሁ በኩል ልትልኩ ትችላላችሁ። ያገለገለ ብርድ ልብስና አንሶላም እንቀበላለን፤ ኬሞ ላይ ያለ ሰው በቀላሉ ኢንፌክሽን ስለሚይዘው ግን በደንብ ታጥቦና ደርቆ ይምጣልን።